የመላእክቱ እግር የተላጠ ጊዜ

የመላእክቱ እግር መላጥ የጀመረው በተቀቡ በሦስተኛው ሳምንት ነው። መጀመሪያ የቀኙ መልአክ አውራ ጣት ሄደ፤ ቀጥሎ ተረከዙ። ሰው የቤተ ክርስቲያኑን የውጭ በር ሊሳለም ጎንበስ ይላል፣ ከንፈሩን ያሳርፋል፣ ቀና ሲል ከንፈሩ ላይ ቡናማ ቅርፊት ተለጥፎ ይገኛል። አንዲት ሴት ነጠላዋ ላይ ሁለት የመልአክ ጣት ይዛ ቤቷ ገባች ተብሎ ተወራ። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ሳቄ መጥቶ ነበር። ሳቁ ብዙ አልቆየም፤ በሩን የቀባሁት እኔ ነኝ።

ሥራዬ ቀለም ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የአፍሪካን ካርታ፣ የሰውን አንጀትና የማባዣ ሠንጠረዥ ስሥል ኖሬአለሁ። የሥጋ ቤቱ በሬ፣ የፀጉር ቤቱ ጭንቅላት፣ የጎሚስታው ጎማ የእኔ ናቸው። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በመኪና የሚሄድ ሰው እኔን ባያውቀኝም እጄን ያውቀዋል። ስለዚህ ቡሬ አጠገብ ያለው የእናቴ አገር ደብር በሩን አሳድሶ ቀቢ ሲፈልግ እኔን መጥራቱ አልገረመኝም። እናቴን ግን አስለቀሳት። እሷ የተጠመቀችው፣ እኔንም ያስጠመቀችኝ እዚያ ነው።

ሁለቱ መዝጊያዎች የድሮ የዝግባ ሳንቃ ናቸው። ፀሐይና ዝናብ ሰነጣጥቋቸው ስለነበር አንድ እንጨት ሠሪ ስንጥቁን በኢፖክሲ ሞልቶ፣ ከላይ እስከ ታችም በዚያው አልብሷቸዋል። ኢፖክሲ ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚሠራ፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ የሚጠነክርና እንደ ብርጭቆ የሚያበራ ነገር ነው። የፈሰሰው ደግሞ በነሐሴ፣ በዚያ ብርድና ጭጋግ ነበር። እኔ ስደርስ በሩ ከማብረቅረቁ የተነሣ የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ፊት ለፊቱ ቆመው ጋቢያቸውን ያስተካክሉበት ነበር።

እኔ ጣቴን አሳረፍኩበት። ሙልጭልጭ አለብኝ፤ ሳሙና ነክቶት በደንብ ያልታጠበ ሳህን ይመስላል። ይህን ነገር አውቀዋለሁ። ከዓመታት በፊት የአንድ ሆቴል ባንኮኒ ላይ፣ እንዲሁ ኢፖክሲ በለበሰ እንጨት፣ አበባ ሥዬ ነበር። በወሩ አበባው በቢራ ብርጭቆ ቂጥ እየተለጠፈ አለቀ። ያኔ በንዴት ኢፖክሲ የለበሰ የእንጨት ቁርጥራጭ ለምኜ እየሞከርኩ ተማርኩ። ኢፖክሲ በብርድና በእርጥበት ሲደርቅ ዓይን የማያየው፣ ሰም የመሰለ ላብ ያወጣል። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይታጠባል። ከዚያ ብርሃኑ እስኪጠፋና እስኪሻክር በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። ሳይታጠብ መፋቅ ላቡን መልሶ ማሸት ነው። አቧራው ከተጠረገ በኋላ ነው ቀለም የሚነካው።

“ጋሼ፣ ይህ በር ሳይታጠብና ሳይፋቅ ቀለም አይዝም” አልኳቸው ሊቀመንበሩን።

“ልትቧጭሪው? ይህን ያህል ደክመን እንደ መስታወት ያስደረግነውን? መስቀል ደርሷል፤ አንቺ ዝም ብለሽ ቅቢ።”

እሺ አልኩ።

እስከ ዛሬ የምታንገበግበኝ ይህች እሺ ናት። “ሴት ልጅ መሰላል ላይ ምን ታደርጋለች?” ላለኝ ሁሉ “ና ውጣና እይ” እያልኩ የኖርኩ ሰው፣ በእናቴ ደጅ አንገቴን ደፋሁ። የታዘዝኩትን ቀባሁ፤ በየመዝጊያው አንድ መልአክ፣ ሰይፍ የያዘ፣ እግሩ በሚሳለም ሰው ከንፈር ልክ። ጥፋቴን ከቆጠራችሁ ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም።

እግሮቹ ሲላጡ ግን ስለ ሳሙናና ስለ ብርጭቆ ወረቀት ያነሣ አልነበረም። “ታቦቱ አልተቀበላትም” ተባለ። በገበያ ቀን በበርበሬው መደብ መሃል ወሬው ሙሉ ልብስ ለበሰ፤ ቀቢዋ በወር አበባዋ ቀን እጇን አሳርፋበት ነው ተባለ። በእኛ አገር በወር አበባዋ ላይ ያለች ሴት ወደ ቅጥር ግቢው አትገባም። ከውጭ ቆማ፣ በሩን ተሳልማ ትመለሳለች። ሊቀመንበሩ ነገሩን በአፋቸው አላወጡትም። “ለታኅሣሡ ንግሥ ሌላ ሰው ከባሕር ዳር እናስመጣለን። አንቺም ከእንግዲህ የቤተ ክርስቲያን ነገር ባትነኪ ይሻልሻል” አሉኝ። ከዚህ በላይ ምን ይበሉ?

እናቴ ያንን በር መሳለም ተወች። እሑድ እሑድ አንድ ሰዓት በእግሯ እየተጓዘች ሌላ ደብር መሄድ ጀመረች። አንድ ቀን ልጠይቃት ብሄድ ድንች እየላጠች ነበር። ቀና ሳትል፣ “እንዴው ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ያን ሰሞን ንጹሕ ነበርሽ?” አለችኝ።

ነበርኩ። በሩን በቀባሁበት ሳምንት ንጹሕ ነበርኩ። ግን አልመለስኩላትም፤ ጥያቄው ራሱ አቃጠለኝ። ከእኔ ጋር ስንት ጊዜ እዚያው በር ላይ ቆማ፣ ከውጭ ተሳልማ የተመለሰች ሴት ከቀለሙ በፊት እኔን ጠረጠረች። “በሩ አልተፋቀም እናቴ፤ በሩ ነው ያልተፋቀው” አልኳት። “ኧረ ተይኝ” አለችና ድንቿን መላጥ ቀጠለች። ሌላው ቢያማኝ ግድ አልነበረኝም። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ በሌላ ሰው ደጅ እንድትሳለም አልተዋትም ብዬ ማልኩ።

በማግሥቱ የደብሩን አስተዳዳሪ፣ ሽማግሌውን ቄስ፣ ከቅዳሴ ሲወጡ ጠበቅኋቸው። በልጅነቴ ንስሐ አባታችን ነበሩ።

“አባ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ።”

“ምን ልጄ?”

“ብሩሽ ይያዙልኝ።”

ሳቁ፤ ግን መጡ። ከመላእክቱ እግር በታች ቀለም ያልነካው ቦታ ነበር። የመዳፍ ስፋት ያህሉን እንዳለ፣ እንደሚያብረቀርቅ ተውኩት። ከጎኑ ያንኑ ያህል ቦታ በሳሙና አጥቤ፣ አድርቄ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት። “አንቱ የሚያብረቀርቀውን ይቅቡ፤ እኔ የተፋቀውን እቀባለሁ። በዚህ ደብር ካንቱ እጅ የነጻ እጅ የለም” አልኳቸው።

“እሱን እንኳ እግዜር ነው የሚያውቀው” አሉ፤ ግን ቀቡ። ብሩሹን የያዙት እንደ ጭራ ነበር። ሊቀመንበሩ መጥተው ቆመው ያያሉ።

“አባ፣ እግዜርን መፈታተን አይሆንም?”

“ቀለም ነው የምቀባው” አሉ አባ።

ዐሥር ቀን ተጠበቀ። ኢፖክሲውን ያፈሰሰውን ሰው፣ በሩን አጥቦት እንደሆነ ልጠይቀው ደጋግሜ ብደውልለት ስልኩን አያነሣም። የቁርጥራጮቼን ነገር አውቃለሁ፣ አልጠራጠርም፤ ሆኖም በዐሥረኛው ቀን ገና ሳይነጋ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ያዝኩ። አባ በሊቀመንበሩ ፊት አውራ ጣታቸውን የራሳቸው ቀለም ላይ አሳረፉና ጫፉን በጥፍራቸው ነካ አደረጉት። እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ባንድ ላይ ተገፎ ወደቀ። የእኔን ቧጨሩት፣ ደገሙት፣ ሠለሱት። ጥፍራቸው ቀላ እንጂ ቀለሙ አልተነቃነቀም። የወደቀውን ልጣጭ ከመሬት አንሥተው መዳፋቸው ላይ አድርገው ለሊቀመንበሩ አሳዩአቸው።

“እንግዲህ የእኔም እጅ ረክሷል ማለት ነዋ” አሉ።

ሊቀመንበሩ መሬት መሬቱን አዩ። “ትሥራው” አሉ በመጨረሻ። “ግን በንጹሕ ቀን ትሥራው።”

መላእክቱን በሙሉ አጥፍቼ እንደገና ጀመርኩ። የራስን ሥራ መፋቅ ያማል ይላሉ፤ እኔን ደስ አለኝ። አጠብኩ፣ አደረቅሁ፣ አፍና አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ ፋቅሁ። በሩ ብርሃኑን አጥቶ አመድ ሲመስል በዚያ የሚያልፍ ሁሉ “ወይኔ፣ አበላሸችው!” ይላል። “አዎ፣ አበላሸሁት!” እላለሁ ከመሰላሌ ላይ ሆኜ። ከዚያ የመሠረቱን ቀለም ቀባሁ፤ ከዚያ ፊቶቹን፣ ክንፎቹን፣ ሰይፎቹን። እግሮቹን ለመጨረሻ አቆየኋቸው።

እግሮቹን ልጀምር ባልኩበት ጠዋት የወር አበባዬ መጣ። ለንግሡ አራት ቀን ቀርቶታል፤ ቀለሙም ለመድረቅ ያንኑ ያህል ይፈልጋል። ዝም ብዬ ብሠራ ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን ተደብቄ ከሠራሁማ ወሬውን እኔም አመንኩት ማለት ነው። አባን አስጠራኋቸው።

“አባ፣ ዛሬ ከውጭ ከሚቆሙት ነኝ” አልኳቸው።

በሩን አዩት፤ እኔን አዩኝ።

“አሁንስ የቆምሽው የት ነው?”

“ውጭ።”

“ይህ በር ውጭ ለሚቆም ካልሆነ ለማን ተሠራ? ቅቢ ልጄ” አሉና ወደ ውስጥ ተመለሱ።

ቀባሁ። ሰው ባለፈ ቁጥር ዘወር ማለቴ ግን አልቀረም። የግራው መልአክ ትንሿ የእግር ጣት ጠመም ብላ ቀርታለች።

በንግሡ ዕለት ከማለዳ ጀምሮ ስንት ከንፈር እንዳረፈባቸው እግዜር ይወቀው። እኔ ወደ ቅጥሩ ከማይገቡት ሴቶች ጋር ውጭ ቆሜያለሁ። እናቴን ለምኜ አምጥቻታለሁ፤ ግን ከአጠገቤ ቆማ ወደ በሩ አልቀረበችም። ታቦቱ ከገባ በኋላ ሊቀመንበሩ ወጥተው መጡ። ጎንበስ ብለው የቀኙን መልአክ እግር ተሳለሙ። ከንፈራቸውን በነጭ ጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ጫፉን አዩት። ምንም የለም። ፊታቸው በራ።

“አየሽ?” አሉኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። “በንጹሕ ቀን ሲሠራ እንዲህ ነው!”

ሁለተኛዋ እሺ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። እሺ ብል ተመስግኜ እሄዳለሁ፤ እናቴም ቀና ብላ ቤቷ ትገባለች። ልማዳቸው ሳይነካ፣ የእኔም ስም ሳይጠፋ ነገሩ ያልቃል።

“የለም ጋሼ” አልኳቸው። “ንጹሕ የነበርኩት የተላጠውን ስቀባ ነው። እነዚህን እግሮች የቀባኋቸው በወር አበባዬ ነው፤ አባም ያውቃሉ። ቀለሙ የያዘው በሩ ስለታጠበና ስለተፋቀ ነው።”

ሊቀመንበሩ የጋቢያቸውን ጫፍ እንደያዙ ቀሩ። ፈርቼ ነበር። ቃሌን ግን አልመልስም፤ አንድ ሰው ትንፍሽ ቢል መልሱ አፌ ላይ ነበር።

እናቴ ከአጠገቤ ተንቀሳቀሰች። አፍራብኝ ልትሄድ መሰለኝ። እሷ ግን በሊቀመንበሩ ፊት አልፋ ወደ ግራው መዝጊያ ሄደች። ጎንበስ ብላ ያችን ጠማማ ጣት ሦስት ጊዜ ተሳለመች። ከንፈሯን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና፣ ሁሉም እንዲያየው ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ ያዘችልኝ። ነጠላው ነጭ ነበር።