የአባወራው ስም

ከሰኞ እስከ ዓርብ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ሆሳዕና ላይ ሶሲዮሎጂ እማራለሁ፤ ሐሳቤ ሶሻል ወርከር መሆን ነው። በሁለተኛው ዓመት ለመስክ ሥራ ዶዮገና ተመደብኩ። ቤት ለቤት እየዞርኩ አካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች እመዘግባለሁ፤ ዝርዝሩን ይዘው ሐኪሞች ይመጣሉ። ስሙ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ልጅ አይታይም፤ የአባወራ ስም ያልተሞላበት ቅጽ ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም።

እንሰት በከበበው አንድ ግቢ፣ እግሯ ወደ ውስጥ የታጠፈ የሰባት ዓመት ልጅ አገኘሁ። እናትየዋ ወጣት ናት። ባሏ ደቡብ አፍሪካ ስለሄደ ከአባቱ ጋር ትኖራለች፤ ሽማግሌው ያን ቀን ገበያ ወጥተዋል። የጠየቅኳትን ሁሉ ሳትሰለች መለሰችልኝ።

"የአባወራው ስም?" አልኳት በመጨረሻ።

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። "የልጄ አያት ናቸው።"

"እሱን ጽፌያለሁ እህቴ። ስማቸውን ነው።"

"እሳቸውን የማያውቅ የለም። ጎረቤት ጠይቅ።"

"ከቤቱ ሰው መሆን አለበት።"

ልጅቷን በክርኗ ነካ አደረገቻት። "እንግዲያው እሷ ትንገርህ፣ መምህር።"

ልጅቷ አፏን ስትከፍት እጄን አነሳሁ። "ቆይ የኔ ቆንጆ።" ከዚያ ለእናትየዋ አስረዳኋት፦ መረጃ የሚወሰደው ከአዋቂ ብቻ ነው፤ ደንቡ የወጣው ልጆችን ለመጠበቅ ነው። ማስረዳት እወዳለሁ። እሷ መሬት መሬት እያየች ሰማችኝ። በክፍት ቦታው ላይ፣ በሚያምረው የእጅ ጽሑፌ፣ "መረጃ ለመስጠት ፈቃደኛ አይደለችም" ብዬ ጻፍኩና ወጣሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የዚያው አካባቢ፣ የአንጋጫ ልጅ የሆነች ባለትዳር የክፍል ጓደኛዬ የቅጾቼን ቅጂ ስታገላብጥ በሳቅ ፈረሰች።

"አንተ! ምራት የአማቷን ስም አፍ አውጥታ ትጠራልሃለች? ይሄን ሁሉ ተምሬ እኔ እንኳ አልጠራም!"

ፊቴን ስታይ ሳቋን አቆመች።

ሳላውቅ ቀርቼ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ወደዚያ ግቢ ከመግባቴ ጥቂት ቀን በፊት ፈተና ላይ ስለዚሁ ልማድ ግማሽ ገጽ ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቻለሁ። ምራት የባሏን ወላጆች በስም እንደማትጠራ፣ የልጅ ልጆች ግን እንደሚጠሩ በዝርዝር አስረድቼ ነበር። ሴትየዋ መውጫ መንገዱን ጭምር ጠቁማኛለች፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ዶዮገና ሄድኩ። ሐኪሞቹ መጥተው ተመልሰዋል። ሽማግሌው ቤት አስገብተው ወንበር ሰጡኝ፤ ስማቸውንም እስክጽፈው ድረስ ቀስ ብለው ነገሩኝ።

"ይዘናት ሄደን ነበር" አሉ። "ስሟ የለም ብለው መለሱን።" እናትየዋ ከጓዳ አልወጣችም።

ልጅቷ የበሩን መቃን ተደግፋ ቆማለች። "እኔ ልነግርህ ነበር እኮ" አለችኝ።

ለሚቀጥለው ዙር አስመዝግቤያታለሁ፤ መቼ እንደሚሆን የሚያውቅ የለም።

ጠዋት ጠዋት ክፍሌ ውስጥ ስም እጠራለሁ፦ የልጁን፣ የአባቱን፣ የአያቱን። የአያት ስም ላይ ስደርስ ያ የልጅቷ ድምፅ ከበሩ በኩል ይመጣል። ቀና ብዬ አያለሁ። በሩ ላይ ማንም የለም፤ ተማሪዎቼም ዞረው አብረውኝ ያያሉ።