መስታወቱ ላይ የበቀለው ኮረብታ

በጣሊያን ዘመን ደሴ ላይ ሰዓት እጠግን ነበር። አባቴ ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው የረመዳንን ጨረቃ መውጣት ከጎረቤት አፍ መስማት ጀምረው ነበር። እሳቸው አያማርሩም፤ የምናደደው እኔ ነኝ። ጨርሶ ሳይጨልምባቸው ጨረቃን አቅርቤ ላሳያቸው ማልኩ።

ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ አንድ ጣሊያናዊ መካኒክ ሩቁን ለሚያቀርብ መነጽር የሚሆን ወፍራም መስታወት ሰጠኝ፤ እንዴት ፈትጌ እንደማጎደጉደውና እንደምፈትነውም አሳየኝ። ፈተናው እንዲህ ነው፦ መስኮቱን መሸፈን፣ ፋኖሱን ቀጭን ቀዳዳ ባለው ቆርቆሮ መከለል፣ ከመስታወቱ ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን በምላጭ ጫፍ እየቆረጡ ማየት። መስታወቱ ከተስተካከለ ፊቱ ሁሉ እኩል ይደበዝዛል። ጉብታ ካለው ግን፣ ከፀጉር የቀጠነም ቢሆን፣ ጥላው ኮረብታ ሠርቶ ይታያል።

የኔው መስታወት መሀሉ ላይ ኮረብታ አበቀለ። ፈተግኩት። በማግስቱም እዚያው አለ። ብፈትገው፣ ብፈትገው ንቅንቅ አላለም። መስታወቱን ከግድግዳ ጋር ላጋጨው ምንም አልቀረኝም።

አባቴ ከእያንዳንዱ ፈተና በፊት መዳፋቸውን መስታወቱ መሀል ላይ አሳርፈው ረዘም ያለ ዱዓ ያደርጉ ነበር። ሥራ ያለ ዱዓ አይጀመርም። እኔም «አሚን» ብዬ ወደ ምላጬ እሮጣለሁ።

አንድ ቀን ለለቅሶ ገራዶ ሄዱ። ብቻዬን ብፈትነው ኮረብታው የለም፤ በቦታው ጉድጓድ! ግራ ቢገባኝ የራሴን መዳፍ ጥቂት አሳርፌ አየሁ። ኮረብታው ብቅ አለ። ለካ መስታወት በእጅ ሙቀት ያብጣል። ስፈትግ የከረምኩት የአባቴን ዱዓ ነው!

ሲመለሱ ምን ልበላቸው? አባትን «ምርቃትዎን ያዙልኝ» ይባላል? ሆድ ግን አልቻለልኝም፤ ነገርኳቸው። እሳቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«አይ ልጄ፣ ዱዓው ቢደርስ ነዋ ያበጠው!» አሉ። ከዚያ ወዲያ እጃቸውን እኔ ራስ ላይ ማሳረፍ ጀመሩ።

ጉድጓዱን እስካጠፋ ብዙ ደከምኩ። በመጨረሻ ፊቱ ሁሉ እኩል ሲደበዝዝ ሰፈር እስኪሰማ ጮህኩ። መካኒኩ ፊቱን ብር አልብሶልኝ ቱቦ ውስጥ ገጠምነው። ጨረቃ ገና ቀጭን ሳለች፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ አባቴን ደጅ አወጣኋቸው። ዓይናቸውን ቱቦው ላይ ደቅነው ቆዩ።

«ይታይዎታል?» አልኩ።

«ፊቷ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው» አሉ። «ወላሂ፣ ለእሷም በየወሩ ዱዓ ሳደርግላት ነው የኖርኩት፤ ማን ፈተጋት?»

ሳቅኩ። እሳቸው ግን እያለቀሱ ነበር። ጨረቃዋ ከጦሳ ተራራ ጀርባ እስክትገባ ድረስ ለእኔ ተራ አልሰጡኝም።