የጫልቱ እንግሊዝኛ

ትናንት ለልጅ ልጄ ሸንኮራ ልጬ ሰጠኋት። የምላሷን ጫፍ በጥርሶቿ መሃል ብቅ አድርጋ በእንግሊዝኛ አመሰገነችኝ። ሌላው የቤቱ ሰው አላስተዋለም፤ እኔ ግን ቢላዋውን አስቀምጬ ወደ ደጅ ወጣሁ።

ጫልቱ የፉሪው የኦቦ ቶላ ልጅ ነበረች፤ ሰበታ አብረን የተማርን የልብ ጓደኛዬ። በንጉሡ ጊዜ ነው። ስምንተኛን እንደጨረስን፣ አዲስ አበባ ለነርስነት ትምህርት እንድትፈተን ተጠራች። አባቷ ቁርጡን ነግረዋታል፤ ካለፈች ትማራለች፣ ከወደቀች ከሱሉልታ ለጋብቻ የተላኩትን ሽማግሌዎች እሺ ይላሉ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ከዚህ በላይ አላመላልሳቸውም" አሏት።

ፈተናው እንግሊዝኛ ማንበብ ነበር። ጫልቱ ትምህርቱን ከእኔ ይበልጥ ታውቀዋለች፤ ያስቸገራት አንድ ድምፅ ነው፤ እኛ ፊደል ያላበጀንለት፣ ምላስ ካላወጡ የማይመጣ። ማመስገኛውን እንኳ "ሳንክ ዩ" ትለዋለች። በመስከረም ጭቃ፣ በጅማ መንገድ ዳር፣ እሸት ባቄላ እየፈለፈልን እንለማመድ ነበር።

"ምላስሽን አውጪያ!"

"ዋዮ! አባዬ ቢያየኝስ?"

"አባትሽ እዚህ የሉም።"

ግራ ቀኙን አይታ አወጣችው። ጥርት ብሎ መጣላት! ሳቃችን መንገደኛ አስቆመ።

የፈተናው ቀን አብሬያት ሄድኩ። በሩ ክፍት ስለነበር ከደጅ ሆኜ አያታለሁ። ፈታኙ ፂማቸው የሸበተ፣ አባቷን የሚያህሉ ሰው ነበሩ። ጫልቱ ደግሞ ለትልቅ ሰው ውሃ ስታቀርብ እንኳ ቀና ብላ የማታይ ልጅ ናት፤ በሽማግሌ ፊት ምላስ ማውጣት ስድብ ነው ተብላ ያደገች። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ከዚያ በኋላ ያነበበችውን እኔም አልሰማሁ፣ እሳቸውም አልሰሙ። "ይበቃል ልጄ" አሏት፣ ቀስ ብለው። ደግ ሰው ነበሩ፤ ደግነታቸው ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

በጥር ዳሯት። በቅሎ ላይ ተቀምጣ፣ የባሏ ዘመዶች ከበዋት ስታልፍ እኔን አየችኝና የተከናነበችውን ገለጥ አደረገች። በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት ምላሷን ብቅ አድርጋ በእንግሊዝኛ አመሰገነችኝ። አንዲት እንከን አልነበረውም። ሰዎቹ ተቆጡ፤ እኔ አለቀስኩ።

በዓመቱ በመጀመሪያ ልጇ ምጥ ሞተች። የሚያዋልዳት ነርስ ጠፋ አሉ።

ትናንት ወደ ቤት ስመለስ ልጅቷ ሸንኮራዋን እየመጠመጠች "እማማ፣ ምን ሆነሽ ነው?" አለችኝ።

"ምንም። እስቲ ያልሽውን ድገሚልኝ።"

ምላሷን አወጣች። ማንም አልተቆጣትም።