የያየህ ልኬት

ያየህ ቢቸና፣ እኔ ሞጣ ሆነን የሞባይል ታወር እንቆጣጠራለን፤ ሥራችን ጥገና ነው። የእሱም የእኔም ታወር በአንድ ሞገድ ስለሚሠሩ መሃል ያለው ቆላ ውስጥ ድምፃቸው ይደባለቃል፤ እድር ላይ ሁለት ሽማግሌ እኩል ሲናገሩ የማንም ቃል እንደማይለይ ማለት ነው። ስለዚህ የአንዳችን ታወር ጉልበት መቀነስ አለበት። የማን፣ ምን ያህል? ይህን የሚያውቀው ቆላው ውስጥ ያለ ሰው ብቻ ነው።

በመሣሪያ የለካነው በበጋ ነበር። ክረምት ሲገባ መንገዱ ተቆረጠ፣ ልኬቱም አረጀ። ቆላው ውስጥ ግን የያየህ እናት ወይዘሮ ፈንታነሽ ነበሩ። ልባቸውን ያማቸዋል፤ "ከእኔ ጋር ቢቸና ግቢ" ቢላቸው "የአባትህን መቃብር ለማን ትቼ?" ብለው እምቢ አሉት። ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። ኔትወርኩ ከጠፋ መታመማቸውን እንኳ የሚሰማበት መንገድ የለውም፤ ለዚህ ነው ነገሩ ከእኔ ይበልጥ ያንገበግበው የነበረው።

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይደውልላቸዋል።

"እማዬ፣ ድምፄ ይሰማሻል?"

"ጥርት ብሎ ልጄ! አጠገቤ ያለህ ነው የሚመስለኝ።"

"ልብሽስ?"

"ተመስገን፣ ደህና ነኝ።"

ከዚያ ለእኔ ይደውላል። "ታደለ፣ እናቴ ጋ ደህና ነው፤ ያንተን አትቀንሰው፣ እንዳለ ተወው።"

እኔ ይህ "ደህና ነኝ" የሚሉት ነገር ያናድደኛል። የአገሬ ሰው እግሩ ተሰብሮ እንኳ መጀመሪያ የሚለው ተመስገን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል፣ ራሱ ግን ይደብቃል። ለያየህ "ሌላም ሰው ጠይቅ እንጂ" አልኩት። "እናቴ ትዋሸኛለች?" ብሎ ተቆጣኝ፤ ታወሬን እንዳለ ተውኩት።

ነሐሴ ላይ አንድ እሁድ ስልካቸው አልጠራም። በፀሐይ ነው የምትሞላው፣ ፀሐይ ስለጠፋ ባትሪው አልቆ ይሆናል አለ። የሚቀጥለውም እሁድ አልጠራም። ሰኞ ጎረቤታቸው ባንቺዓለም ደወለችና "እናትህ ጠንቶባቸዋልና ድረስ" አለችው። እንዲህ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ማን ያጣዋል? በጭቃው እያለቀሰ ወረደ።

እኔ በሣልስቱ ደረስኩ። ያየህ ባንቺዓለምን እየጠየቃት ነበር።

"ስልኩ ለምን አልጠራም?"

"እዚህ ቤት መቼ ጠርቶ ያውቃል? ቢጠራስ ይንኮሻኮሻል እንጂ ቃል አይለይም። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እዚያ ጉብታ ላይ ወጥተው ነው ስልክህን የሚጠብቁት። እኔም የደወልኩልህ ከዚያው ሆኜ ነው።"

"ለምን አልነገረችኝም?"

"'ልጄ እንጀራውን የሚበላው በዚህ ሥራ ነው፤ አይሰማም ብዬ ላሳፍረው?' ይሉ ነበር። ኋላ ልባቸው ዳገቱን እምቢ አለ። እኔ ልደውልለት ብላቸው እንዳልነግርህ አስማሉኝ።"

ያየህ ወደ እኔ ዞረ። "እኔ ስለካ የኖርኩት ጉብታውን ነው። ቤቷን አንድ ቀን እንኳ አልለካሁም።"

ቤታቸው ውስጥ ድምፁን ያፈነው የእኔ ታወር እንደነበር ሁለታችንም ገብቶናል። ሞጣ እንደተመለስኩ ጉልበቱን ቀነስኩት።

በማግስቱ ባንቺዓለም ደወለችልኝ፤ እንድትሞክርልኝ ቁጥሬን ሰጥቻት ነበር። የምትናገረው ከወይዘሮ ፈንታነሽ ደጃፍ ሆና ነበር፤ አንድም ቃል አልተቋረጠባትም። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል እንደነበር ለያየህ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።