ለልብ ወለድ ልጅ ዱዓ አስደረግኩ

ዛሬ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ቤት ሙሉ ሰው፣ በምድር ላይ ለሌለች ልጅ ዱዓ አደረገ። ጥፋቱ የኔ ነው።

በቅርቡ የወጣ አንድ ልብ ወለድ አሳብዶኝ፣ ለጎረቤቴ ለእትዬ ዘይነባ በየቀኑ አንዳንድ ምዕራፍ አነብላቸው ነበር። ታሪኩ ዓረብ አገር ሄዳ ድምጿ የጠፋ ሰዓዳ ስለምትባል ልጅ ነው። የእሳቸውም ልጅ ሪያድ ናት፤ አልሐምዱሊላህ፣ እሷስ ትደውላለች። ደራሲው እጁ ይባረክ፣ ሁለታችንንም አስለቅሶናል።

ዛሬ ታዲያ ጎረቤት ተሰብስቦ ዱዓ ሲያደርግ እትዬ ዘይነባ፣ «ለሰዓዳ ዱዓ አድርጉላት፤ እናቷ እህል መቅመስ ትታለች» አሉ።

ሰው ሁሉ «አሚን!» አለ። እኔም ደንግጬ «አሚን» አልኩ።

ዱዓ የሚያደርጉት ሽማግሌ፣ «የማን ልጅ ናት?» ሲሉ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«የመጽሐፍ ልጅ ናት» አልኩ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሽማግሌውም፣ «በል ለደራሲው ደውል፤ አሚን ተብሏል፣ ይመልሳት በለው» አሉኝ።

ችግሩ፣ እኔ መጽሐፉን ጨርሼዋለሁ። ሰዓዳ አትመለስም።

ነገ የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። እንደተጻፈው ላንብብ ወይስ ልጅቷን አውሮፕላን ላሳፍራት? እንዲህ የገጠማችሁ ካላችሁ ቶሎ ምከሩኝ፤ እትዬ ዘይነባ «ሰዓዳ ከተመለሰች በግ አርዳለሁ» ብለው ተስለዋል።