በሩን የሚያስይዘው ሰው

ምድር ቤታችን ውስጥ ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው ወደ ወገብ ሲጠጋ፣ በስልክ የጠራነው የቧንቧ ሠራተኛ ከተፍ አለ። አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነው። ደረጃው አናት ላይ ደርሶ ውሃውን ሲያይ ግን ፊቱ አመድ መሰለ።

«እህቴ፣ በሩን ያዢልኝ» አለኝ።

«ነፋስ እኮ የለም።»

«ቢሆንም አትልቀቂው። ስጠራሽም አቤት በይኝ።»

በየደረጃው ዞር ብሎ እያየኝ ወረደ። ውሃው ወገቡን ሲነካው «አለሽ?» አለ።

«አለሁ!» አልኩ። ፍርሃቱ ተጋብቶብኝ በሩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

ውሃው አንገቱ እስኪደርስ ጎንበስ ብሎ ዋናውን የውሃ መዝጊያ በዳበሳ አገኘውና ባለ በሌለ ኃይሉ አዞረው። የውሃው ድምፅ ቀስ በቀስ ጠፋ።

ሲወጣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«ታላቅ ወንድሜ እንዲህ ያለ ምድር ቤት ውስጥ ነው የቀረው» አለ፣ ቀና ሳይል። «አብሬው ነበርኩ። እኔ ወጣሁ፤ በሩ እሱ ላይ ተዘጋ።»

በዚህ መሀል ስልኩ ጠራ። ሌላ ደንበኛ ነበር፤ የሴት ጩኸት ይሰማል። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና «ውሃው እስከ የት ደርሷል?» ሲል ጠየቀ። መልሱን ሲሰማ ደረጃውን ተደግፎ ተነሳ።

«መጣሁ» አለ።