እትዬ አስካለና የማህሌት ቡችላ

የኮተቤ ዳገት ነዋሪዎች፣ እንዲሁም በየሰፈሩ የእትዬ አስካለን ውሻ ያሳደጋችሁ ሁሉ፤ እኚህ ደግ ሴት ባለፈው ሳምንት ዐርፈዋል። ብዙዎቻችሁ ቀብራቸው ላይ ነበራችሁ፤ ያልሰማችሁ እርማችሁን እንድታወጡ ይህን ጻፍኩ።

እትዬ አስካለ በእንጦጦ ግርጌ በገበሬ ቤት ያደጉ ናቸው። የአባታቸው እርሻ ኮንዶሚኒየም ሲሆን ለእሳቸው የቀረው ግቢያቸውና ውሾቻቸው ነበሩ። ቡችላ ለሰው ለመስጠት አይቸኩሉም። ሳሩ ላይ ተቀምጠው በኦሮምኛ «ኮቱ» እያሉ ይጠሯቸውና የትኛው ሮጦ እንደሚመጣ፣ የትኛው ጥሏቸው እንደሚሄድ ያያሉ። ወሳጁንም እንደዚያው ያዩታል። ከመሪ ሰፈር የመጣ አንድ ጎረምሳ ቀን ከሌት ታስሮ የሚጮህ ኃይለኛ ውሻ ቢጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ የበር ደወል ግዛ፤ እሱ አንድ ቦታ ቢውል አይከፋውም» ብለው አሰናበቱት።

እኔንና እሳቸውን ያገናኘችን ልጄ ማህሌት ናት። አንደኛ ክፍል ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ የመንገድ ውሻ ነከሳት። ቁስሉ ዳነ፤ እሷ ግን ከግቢ አልወጣም አለች። ጠዋት ጠዋት በሩን ይዛ ታለቅሳለች። ባለቤቴ «ከቡችላ ጋር ብታድግ ፍርሃቱ ይለቃታል» ሲል ወደ እትዬ አስካለ ሄድኩ። ሰሙኝና፣ «መጀመሪያ ልጅቷን አምጫት» አሉ።

ተሸክሜ ወሰድኳት። አግዳሚው ላይ እግሯን ሰብስባ ተቀመጠች። እትዬ አስካለ የድስት ክዳን ቡችሎቹ አጠገብ መሬት ላይ ጣሉ። አንዱ ቡችላ እየጮኸ ክዳኑን ሊነክስ ዘለለ። ሌላው እንጨት ክምር ስር ገብቶ ቀረ። አንዲት ቡናማ ቡችላ ግን ደንግጣ ሸሸች፤ ቆም ብላ አየች፤ ቀስ እያለች ተመልሳ ክዳኑን አሸተተች።

«እሷም ፈራች?» አለች ማህሌት።

«ፈራች እንጂ! የማይፈራ ውሻ ለልጅ አልሰጥም። ግን ተመልሳ ስትመጣ አየሻት?»

ቡችላዋን ጭናቸው ላይ በጀርባዋ አስተኝተው ደረቷን በመዳፋቸው ያዝ አደረጉ። ተፍጨረጨረች፣ ከዚያ ተረጋግታ ጣታቸውን ላሰች።

«ይቺ ትሆንሻለች። ግን ገና ትጠባለች፤ እየመጣሽ ታያታለሽ» አሏት።

ልጄ ቡችላዋን ለማየት ስትል ከግቢ ወጣች። መጀመሪያ ቀሚሴ ላይ ተለጥፋ፣ በኋላ እጄን ይዛ፣ በመጨረሻም ከፊቴ ከፊቴ እየሮጠች። ቡችላዋን በሰጡን ዕለት፣ ጡት ማስጣሉ ለምን ይህን ያህል እንደቆየ ብጠይቃቸው፣ «ቡችላዋማ ከደረሰች ቆየች፤ እኔ የምጠብቀው ልጅቷን ነበር» ብለው ሳቁ።

እትዬ አስካለ፣ ትተዋቸው የሄዱት ቡችሎች ቤት አግኝተዋል። አንዷ ብቻ ቀርታለች፤ ለማን እንዳሰቧት ሳይነግሩን ሄዱ። ዛሬ ለአቅመ ሔዋን የደረሰችው ማህሌት «እስኪታወቅ እኔ ጋ ትቆይ» ብላ ወደ ቤት ይዛት መጥታለች። እኛ አለን፣ አያስቡ። የተኙበት አፈር እንደ እጅዎ የለሰለሰ ይሁንልዎ።